ክርክር፦ የመሥሪያ ቤት ዳታቤዝ ቀንን በማን አቆጣጠር ይያዝ?

መነሻ፦ ጎንደር ላይ ባለጉዳይ «ጥር 11 ቀን 2016» ብሎ ሲያስመዘግብ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያው ይግባ ወይስ በፈረንጆቹ 2024-01-20? (ሦስቱ ተከራካሪዎች በጎንደር ሰፈራቸው ተጠርተዋል።)

ከአዘዞ፦ እንደተነገረው ይግባ። ወረቀቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በቀየርን ቁጥር እንሳሳታለን። ጥምቀትን «ጃንዋሪ 19» ብሎ በደፈናው ኮድ ውስጥ የጻፈ ሰው በ2016 አንድ ቀን ስቷል። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች በዓሉ 20 ላይ ዋለ።

ከማራኪ፦ በምን ዓይነት ዓምድ ነው የምታስገባው? በጽሑፍ ከሆነ የጥር 11ዱ «11/5/2016» ከመስከረም 2ቱ «2/1/2016» ቀድሞ ይሰለፋል። በዴት ዓምድ (የፈረንጆችን ቀን ብቻ በሚቀበለው) ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 30 ሲገባ 2016-02-30 ይሆናል፤ የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ፖስትግሬስ ከወሰን ውጭ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናትና ጭራሽ አትገባም። እነዚህስ ይጮኻሉ፣ ደግ ነው። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ስህተት ነው፦ ከጥር 30 እስከ የካቲት 1 ስንት ቀን ነው ብትለው 2 ይልሃል፤ 5ኛውን ወር ሜይ ነው ብሎ 31 ቀን ይቆጥርለታላ! የመድኃኒት ቀጠሮ በዚህ ይሰላል?

ከፒያሳ፦ መቀየሩ ያን ያህል አይከብድም። ዓመቱን በ365 አባዛ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን ጣልና ድርሻውን ደምር፤ ወሩን በ30 አባዝተህ ደምር፤ ቀኑንና 1723825ን ጨምር። ጥር 11 ቀን 2016 ሲሰላ 2460330 ይመጣል፣ የጁሊያን ቀን ቁጥሩ ማለት ነው፤ ወደ ፈረንጆቹ ቀን የሚያሻግርህ ተከታታይ የቀን ቁጥር። ብቻ 03/04/2024 ዓይነት ጽሑፍ ለፖስትግሬስ አትላክ፤ የቀንና የወርን ቅደም ተከተል በሚወስነው የዴትስታይል ቅንብሩ መሠረት ማርች 4 ወይም ኤፕሪል 3 ያደርገዋል። ዓመት-ወር-ቀን ብለህ ላክ።

ከአዘዞ፦ እሺ፣ የልደት ዓመታቸውን ብቻ የሚያውቁ እናትስ? «1962» ይሉሃል። ይህ ከሴፕቴምበር 1969 እስከ ሴፕቴምበር 1970 ነው። መዝጋቢው መስከረም 1 እያለ ይሞላና ግማሹ ቀበሌ በእንቁጣጣሽ የተወለደ ይመስላል።

ከማራኪ፦ በዚህ ረትተኸኛል። ለልደት ሦስት የቁጥር ዓምዶች ይኑሩ፤ ዓመት ግዴታ፣ ወርና ቀን ባዶ ሊሆኑ የሚችሉ። ወሩ 13 ሲሆን ቀኑ ከ5 እንዳይበልጥ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ብቻ 6 እንዲፈቀድ ገደብ ይጻፍ። ዴቱ ሦስቱ ሲሟሉ ብቻ ይሰላ። ለቀጠሮና ለክፍያ ግን አልለቅህም፦ ዴት ብቻ ይቀመጥ፣ ስክሪን ላይ ሲወጣ ወደ እኛ ይቀየር።

ከፒያሳ፦ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሆኖ ቀኑን ራሱ ከሞላ፣ 3 ሰዓት ስለምንቀድመው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ሁሉ የትናንት ይሆናል።

ከአዘዞ፦ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ተወለደ» ሲሉስ የትኛውን ትሞላለህ?

ከፒያሳ፦ ሰዓቱን ጠይቅ። ከሌሊቱ 6 ካለፈ እሁድን።