ከድረ ገጹ እድሳት በፊት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አስጎብኚዎች፣ ባለፈው ስብሰባ ድረ ገጹ ይታደስ የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ቢደገፍም ምኑ ይታደስ በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። አንዱ ፎቶዎቹ አርጅተዋል አለ፤ ሌላው የፈረንሳይኛ ትርጉም ይጨመር አለ፤ ሦስተኛው ጥምቀት የራሱ ገጽ ይኑረው አለ። ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ወደ ገጹ የሚገባው ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳነበበና የት ላይ ሰልችቶት እንደወጣ አይቶ የተናገረ ከመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ የሚከተለውን ረቂቅ አቅርቤአለሁ፦ «ማኅበሩ ጎግል አናሊቲክስን (ወደ ድረ ገጽ የሚገቡትን የሚቆጥረውን የጎግል መሣሪያ) በድረ ገጹ ላይ አስገብቶ የጎብኚዎችን ቁጥር ከግንቦት ጀምሮ ለስድስት ወራት ይከታተል፤ ውጤቱም ለእድሳቱ በጀት መነሻ ይሁን።» እስከ ዐርብ ድረስ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ከአንድ አንጋፋ አስጎብኚ

ጸሐፊያችን፣ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ «ጎብኚ» የሚለው ቃል ግን አስቸገረኝ። እኔ ጎብኚ የምለው ከፋሲል ግቢ በር ላይ ተቀብዬ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴና እስከ ቁስቋም የማደርሰውን እንግዳ ነው። በስልኩ ገጻችንን ከፍቶ የዘጋውን ሰው በዚሁ ስም ከጠራነው፣ ነገ ለጉባኤው «ጎብኚዎቻችን ጨመሩ» ብለን ሪፖርት ስናቀርብ አባሉ ሥራ የበዛ ይመስለዋል፤ በሩ ላይ የቆመው ግን የሚያውቀውን ያውቃል። በረቂቁ ውስጥ በድረ ገጽ የሚገባው «ተመልካች» ይባልልኝ። ከስሙ በላይ ደግሞ የተመልካች ብዛት ለእኛ ምን ይፈይድልናል? እንጀራችን ያለው ደውሎ ወይም ጽፎ «በዚህ ቀን እመጣለሁ» የሚለው ሰው ጋ ነው።

ከድረ ገጹ ተቆጣጣሪ

ጋሼ ያነሡት ነገር ከቃል ምርጫ ያለፈ ነው። አናሊቲክስ የሚቆጥረው በዋናነት ሰውን ሳይሆን በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠውን ኩኪ የተባለች ትንሽ መለያ ፋይል ነው። አንድ ሰው ጠዋት በስልኩ፣ ማታ በላፕቶፑ ቢገባ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል፤ ኩኪውን ያጠፋም እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራል። ያለበትን ቦታ በሚሸፍነው በቪፒኤን የሚገባ የጎንደር ልጅ አምስተርዳም ያለ ሊመስል ይችላል። እኛም ራሳችን ገጹን ለማየትና ለእንግዳ ለማሳየት በቀን ስንት ጊዜ እንደምንከፍተው ታውቃላችሁ። የቢሮን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) ከቆጠራው ማስወጣት ይቻላል፤ በሞባይል ዳታ ስንገባ ግን አድራሻው ስለሚቀያየር ማጣሪያው ብዙ አይረዳንም።

ስለዚህ ዋናው መለኪያችን «ቁልፍ ክንውን» ተብሎ የሚመዘገበው ተግባር እንዲሆን እደግፋለሁ፤ ይኸውም የዋትስአፕ ቁልፉን መጫን፣ ስልክ ቁጥሩን መንካትና የጥያቄ ቅጹን ሞልቶ መላክ ነው። መሣሪያው ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየን፣ ሁለት ገጽና ከዚያ በላይ ያየን ወይም ቁልፍ ክንውን የፈጸመን «የተሳተፈ» ይለዋል፤ ይህን ቁጥር ለብቻው ማመን ግን አያስፈልግም። የግቢውን የመግቢያ ሰዓት አይቶ ወዲያው የወጣ ሰው የፈለገውን አግኝቶ ይሆናል፤ ሰባት ገጽ ያገላበጠው ደግሞ የዋጋ ዝርዝሩን ፈልጎ ያጣ ሊሆን ይችላል።

የሊንኮቻችንም ጉዳይ አለ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የምንበትናቸው ሊንኮች ብዙውን ጊዜ ምንጫቸው ሳይታወቅ «ቀጥታ» በሚለው ክፍል ውስጥ ይወድቃሉ። በእያንዳንዱ ሊንክ ጫፍ ላይ ምንጩን፣ መንገዱንና ዘመቻውን የሚገልጽ ዩቲኤም የተባለውን መለያ ብንጨምር ይለያሉ። ነገር ግን መለያውን የሚጽፈው አንድ ሰው ይሁን፤ መሣሪያው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ስለሚያይ፣ ሦስት ሰው ከጻፈው ቴሌግራም ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ እናገኘዋለን።

ከሒሳብ ክፍል

የአናሊቲክስ መደበኛ አገልግሎት ክፍያ የለውም ተብሏል፤ መልካም ነው። ቀድሞ ፒዊክ ይባል የነበረውን ማቶሞ የተባለ ተመሳሳይ የመቁጠሪያ ፕሮግራም በራሳችን ሰርቨር ብናስቀምጠው መረጃው በእጃችን ይሆናል የሚል ሐሳብም በቃል ደርሶኛል። ፕሮግራሙ በነፃ ቢገኝም ሰርቨሩና ጠባቂው ነፃ አይደሉም፤ ለዚህ ዓመት በጀት አልተያዘለትም። በረቂቁ ውስጥ ያላየሁት ወጪ የሰው ሰዓት ነው፤ ሪፖርቱን በየወሩ ማን ያነባል?

ከአንዲት ወጣት አባል

ሪፖርቱን ለማንበብ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ሆኖም ሁለት ነገሮች ይስተካከሉ።

የመጀመሪያው ጊዜው ነው። ከግንቦት የጀመረ ስድስት ወር ጥቅምት ላይ ያልቃል፤ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ነው። በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት በ2019 እ.ኤ.አ. የተመዘገበውን፣ ከተማችንንም የሚሞላውን በዓል ሳይነካ የሚያበቃ ልኬታ በጾም ወራት የሥጋ ገበያን እንደመገመት ነው። ከነሐሴ እስከ የካቲት ይሁን፤ የሩቅ እንግዳ አስቀድሞ ስለሚያቅድ ጥያቄዎቹ ከበዓሉ ወራት ቀድመው ይመጣሉ። ዓመትን ከዓመት ስናነጻጽርም እንጠንቀቅ፤ መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ጥምቀት ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ቀኑን ሳናስተካክል ብናነጻጽር ከተራን ከጥምቀት ጋር እናወዳድራለን። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ የአናሊቲክስ ሒሳባችን የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ተብሎ ከተሞላ በኋላም ሪፖርቱ ላይ 20 የሚለው ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን እንዳንረሳ።

ሁለተኛው የሰዎች መብት ነው። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከአውሮፓ ለሚመጡት ተመልካቾች ደግሞ የዚያው አህጉር የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ኩኪው ከመቀመጡ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ አጭር ማሳሰቢያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይቀመጥ፤ እምቢ ያለውም ገጹን ከማንበብ አይከልከል። እምቢ ያሉት ስለማይቆጠሩ ቁጥሩ ያንሳል፤ ያነሰውን ቁጥር አውቀን እንቀበለው።

ከድረ ገጹ ተቆጣጣሪ

በሁለቱም እስማማለሁ። አንድ ማስተካከያ ግን በመጀመሪያው ቀን መደረግ አለበት፦ ለዝርዝር ምርመራ የሚያገለግለው መረጃ እኛ ካልቀየርነው ከሁለት ወር በኋላ ይጠፋል፤ በነፃው አገልግሎት እስከ 14 ወር ማራዘም ስለሚቻል ይህን ጥምቀት ከሚቀጥለው ጋር ለማነጻጸር ይበቃናል።

ሰርች ኮንሶል የተባለውን ሌላውን የጎግል መሣሪያም ብንጨምር እመክራለሁ። አናሊቲክስ ሰው ከገባ በኋላ ያለውን ያሳያል፤ ይህኛው ከመግባቱ በፊት በጎግል ላይ ምን ብሎ እንደፈለገን ያሳያል። ለከተማችን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በላቲን ፊደል ስሟ በሁለትና በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ በአማርኛም «ጎንደር» የሚል አለ፣ «ጐንደር» የሚል አለ፤ አንዱ «ፋሲል ግቢ» ሲል ሌላው «የፋሲል ግንብ» ይላል። ገጻችን የሚጠቀመው አንዱን አጻጻፍ ብቻ ነው። የፎቶ ክርክሩን በተመለከተ፣ ጎግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል፤ የሰሜን ተራሮች ፎቶዎቻችን ከማርጀታቸው ይልቅ ፋይላቸው መክበዱ ያሳስበኛል።

ከአንጋፋው አስጎብኚ

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥራችንን ከገጹ ላይ ገልብጦ ከሆቴል ሆኖ የሚደውል እንግዳ አለ፤ እሱን የትኛውም መሣሪያ አያየውም። እያንዳንዱ አስጎብኚ እንግዳውን ሲቀበል «እንዴት አገኙን?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በተራ መዝገቡ ላይ በአንድ ቃል ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ መዝገቡና የኮምፒውተሩ ሪፖርት ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

በአስተያየታችሁ መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተሻሽሏል፦

«ማኅበሩ በድረ ገጹ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ማሳሰቢያ በማስቀደም አናሊቲክስንና ሰርች ኮንሶልን ያስገባል። ከነሐሴ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዋናው መለኪያ የተመልካች ብዛት ሳይሆን በድረ ገጹ በኩል የመጣው የጉብኝት ጥያቄ ይሆናል፤ ይህም አስጎብኚዎች በተራ መዝገብ ከሚጽፉት መልስ ጋር በየወሩ ይመሳከራል። ፎቶዎችን ከማቅለልና የከተማዋን ስም የተለያዩ አጻጻፎች ከማካተት በቀር፣ እድሳት የሚጠይቅ ማናቸውም ወጪ ከየካቲት ሪፖርት በፊት አይጸድቅም።»

የፈረንሳይኛው ትርጉም ጥያቄ ውድቅ አልሆነም፤ ከየትኞቹ አገሮችና በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚገቡ ከታየ በኋላ ይቀርባል።

ከሒሳብ ክፍል

እደግፋለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የቀድሞው የአናሊቲክስ ሒሳብ የተከፈተው ገጹን በሠራልን ልጅ የግል ኢሜይል ነበር፤ እሱ ከተማውን ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄደ። እኛ እሱን ስናፈላልግ የድሮው የአናሊቲክስ ሥሪት ከጁላይ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መረጃ መቀበል አቆመ፤ በዓመቱም የቆየው መዝገብ ተዘጋ። አዲሱ ሒሳብ በማኅበሩ ኢሜይል ይከፈት፤ ከጸሐፊውና ከድረ ገጹ ተቆጣጣሪ ሌላ ሦስተኛ አስተዳዳሪ ይኑረው።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

ተጨምሯል። ሦስተኛዋ አስተዳዳሪ ሪፖርቱን ለማንበብ ፈቃደኛ የሆነችው እኅታችን ትሁን፤ ተቃውሞ ካለ እስከ ዐርብ ይገለጽ።