የአፕል ፓይ ታቹ ለምን ይርሳል? የጾምስ ይሆናል ወይ?

አደይ (ቨርጂንያ)

ጤና ይስጥልኝ ባለሙያዎች። መስከረም ጠብቶ የአፕል ለቀማው ደርሷል፤ ለመስቀል እንግዶች ፓይ ላቀርብ አስቤ ሙከራው አልሰምር አለኝ። አሠራሬ ይኸው፦ 8 ማኪንቶሽ አፕል፣ በስሱ የተከተፈ፤ 1 ኩባያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት። ኦቨን 350 ፋራናይት፣ 45 ደቂቃ። ላዩ ወርቅ ይመስላል። ሲቆረስ ግን ውሃው ሳህኑ ላይ ይፈስሳል፣ የታችኛው ሊጥ ነጭና እርጥብ ነው፣ አፕሉ ገንፎ ሆኗል፣ በላይኛው ሊጥና በአፕሉ መሃል ደግሞ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከእንግዶቹ የሚጾሙም ስላሉ ያለ ቅቤ የሚሠራበትን መንገድ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለኦቨኑ

አደይ፣ ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ውሃው ነው። አፕል ከክብደቱ 85 ከመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ስኳር ሲነካው ያንን ውሃ ይለቀዋል። 1 ማንኪያ ፉርኖ ለ8 አፕል አይበቃም፤ ቢበቃም የሚያወፍረው መሃሉ ድረስ ሲፈላ ነው። በ350 ለ45 ደቂቃ ላዩ ይቀላል እንጂ መሃሉ በቅጡ አይፈላም።

መጀመሪያ አፕሉን ቀይሪ። ማኪንቶሽ ሲበስል ይፈርሳል፤ ለሶስ እንጂ ለፓይ አይሆንም። ሃኒክሪስፕ፣ ጆናጎልድ ወይም ጎልደን ዴሊሽየስ ያዢ። ግራኒ ስሚዝ ከዛፍ ላይ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ሱቅ ግን ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ግማሹን እሱን፣ ግማሹን ጣፋጩን ብታደርጊ ይመጣጠናል። ሬድ ዴሊሽየስ መልኩ ያማልላል፣ ኦቨን ውስጥ ግን ለምንም አይሆን።

23 ሳንቲሜትር ለሚሰፋ ዕቃ 1.3 ኪሎ አፕል ልጠሽ፣ መሃሉን አውጥተሽ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ክተፊ። 120 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ለውሰሽ 1 ሰዓት ተዪውና በወንፊት አጥልይው። ግማሽ ኩባያ ያህል ጭማቂ ይወርዳል። እሱን ለብቻው በትንሽ ድስት ጥጂና እንደ ማር ወፈር ሲል መልሰሽ አፕሉ ላይ አፍስሺው፤ ውሃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይቀራል። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች። ነጩንና የላመውን ማለቴ ነው፤ የገንፎው የበቆሎ ዱቄት ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አፕሉ ውሃውን አስቀድሞ ስለለቀቀ ዕቃው ውስጥ ተጠጋግቶ ይገባል፣ ክፍተቱም በዚያው ይጠባል።

ኦቨኑን 425 ፋራናይት (220 ሴልሺየስ) አድርጊ። የብረት ትሪ በታችኛው መደርደሪያ ላይ አብሮ ይጋል፣ ፓዩ እሱ ላይ ይቀመጥ። 20 ደቂቃ በ425፣ ከዚያ በ375 ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ጠርዙ ቀድሞ ከጠቆረ በፎይል ሸፍኚው። ሰዓቱን ሳይሆን ላዩ ላይ የተሰነጠቀውን ቦታ እዪ፦ ጭማቂው ፈጠን ፈጠን እያለ ትንንሽ አረፋ ካወጣ ገና ውሃ ነው፤ እንደ ሽሮ ቱክ ቱክ ሲል ደርሷል። አውጥተሽ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳትነኪው ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ከተቆረሰ ይህ ሁሉ ልፋት ሳህን ላይ ይፈስሳል።

ፉርኖ

ትክክል ነው፣ ግን ዕቃሽ የመስታወት ከሆነ ከፍሪዘር አውጥተሽ የጋለ ትሪ ላይ እንዳታስቀምጪው፤ ይሰነጠቃል። የብረት ዕቃ ይሻላል፣ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ታችኛው ሊጥ ያደርሳል።

ስለ ሊጡ ማንም ስላልተናገረ፦ 320 ግራም ፉርኖ፣ 225 ግራም ከፍሪጅ የወጣ የገበታ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር። ቅቤውን በጣት ጫፍ ዱቄቱ ውስጥ ፈርፍሪው፤ ገሚሱ ሽምብራ፣ ገሚሱ ባቄላ ሲያህል አቁሚ። ፈጽሞ ከጠፋ ሊጡ ብስኩት እንጂ ተነባባሪ አይሆንም። በረዶ የገባበት ውሃ ከ6 እስከ 8 የሾርባ ማንኪያ፣ በየማንኪያው። በጭብጥሽ ስትጨብጪው ከያዘ በቃ፤ እንደ ዳቦ ሊጥ አይታሽም፣ ከታሸ ይጎተታል፣ ኦቨን ውስጥም ይሸበሸባል። ለሁለት ከፍለሽ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፊውና 3 ሚሊ ሜትር አድርገሽ ዳምጪው።

ንጥር ቅቤ ላድርግ የምትሉ አላችሁ። አይሆንም። የገበታ ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃ ነው በእንፋሎት ሊጡን የሚነጣጥለው፤ ንጥር ቅቤ ውሃው አልቋል። ኮረሪማ ግን ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ አፕሉ ውስጥ ብትጨምሩ ከቀረፋው ጋር ይስማማል።

ጾመኛ ጋጋሪ

ለጾም፦ ሽታ የሌለው የተጣራ የኮኮናት ዘይት 180 ግራም። 225 ያልሆነው ቅቤ አንድ አምስተኛው ገደማ ውሃና ሌላ ነገር ስለሆነ ነው፣ ዘይቱ ግን ሙሉ ስብ ነው፤ ውሃውን 2 ማንኪያ ጨምሪ። ፍሪጅ ውስጥ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በማንኪያ መፋቅ እስኪችል ብቻ ይለስልስ፣ ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ይቀልጣል። ማርጋሪን ከሆነ የጠጣሩን ግዢ፤ ጽሑፉንም አንብቢ፣ አጓት ወይም የወተት ዱቄት ያለባቸው ብዙ ናቸው። ላዩን በእንቁላል ፋንታ ውሃ ቀብተሽ ስኳር ነስንሺበት።

በእኔ አስተያየት ግን ለጾም ክራምብል ይበልጣል፣ የሚርስ የታች ሊጥ የለውማ። 1 ኪሎ አፕል ከላይ በተባለው ቅመም፤ ላዩ ላይ 150 ግራም ፉርኖ፣ 100 ግራም አጃ፣ 100 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ቁንጥር ጨው፣ ፍርፍር እስኪል የታሸ። በ375 ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን ለሚጾሙም ይሆናል።

የጉለሌዋ

ከአዲስ አበባ የምታነቡ፣ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ አፕሉም ለመብሰል፣ ስታርቹም ለመወፈር ይዘገያል፣ ሊጡ በዚያ መሃል ይቃጠላል። የሚሻለው የተከተፈውን አፕል ከስኳሩ ጋር ድስት ከድኖ በለስላሳ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማብሰል ነው። ሳይፈላ ሞቅ ብሎ ሲቆይ አፕሉ ቅርጹን ይይዛል፣ በኋላም ኦቨን ውስጥ አይፈርስም። መጨረሻ ላይ ስታርቹን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና እስኪወፍር አማስሉት። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ሊጡ ላይ እንዳይገባ፤ ስቡን ያቀልጠዋል። የጨንቻ አፕልም በዚህ መንገድ ጥሩ ይወጣል። የመጋገሪያው ጊዜ ስለሚያጥርም መብራት ሳይሄድ የመጨረስ ዕድል አለ።

አደይ (ቨርጂንያ)

እግዜር ይስጥልኝ። የተረፈው ማኪንቶሽ 5 ኪሎ ይሆናል፤ ምን ላድርገው? ፓዩንስ ከዋዜማው መሥራት ይቻላል?

ባለኦቨኑ

ማኪንቶሹን ከጠንካራው ጋር አንድ ለሦስት ቀላቅይው፤ እሱ ሲፈርስ በሌላው መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላል። የቀረውን በጥቂት ውሃ ቀቅለሽ በወንፊት አሳልፊውና ሶስ አድርጊው፣ ፍሪዘር ውስጥ ወራት ይቆያል።

ፓዩ ከዋዜማው ተጋግሮ ውጭ ቢያድር ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም አቆራረሱ ያምራል። ሳይጋገር ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ግን አይሆንም፤ ስኳሩ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲያወጣ ያድራል። ጠዋት በ350 ለ15 ደቂቃ ብታሞቂው ሊጡ መልሶ ይደርቃል። ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳታስገቢው።