ጡረታ የወጣ የጦር ውሻ በልጆች ጀብዱ ታሪክ ውስጥ፦ የቱ ያስኬዳል?

ብራና፦
ከ8 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን የጀብዱ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ቦታው ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ። አንድ የሐበሻ ቤተሰብ ከላክላንድ የጦር ሰፈር ጡረታ የወጣ የ10 ዓመት ማሊንዋ (የቤልጂየም እረኛ ውሻ ዝርያ) ይረከባል። የውሻው ሥራ ፈንጂ ማነፍነፍ ነበር። በረቂቁ የጎረቤት ልጅ ይጠፋል፣ ዝናብ ይዘንባል፤ በሦስተኛው ቀን ውሻው ዱካውን አሽትቶ፣ የሁለት ሜትር አጥር ዘሎ፣ እየጮኸ ያገኘዋል። የቱ ያስኬዳል? ሴት አያታቸው አማርኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ውሻው ሊታዘዛቸው ይችላል? ስሙንስ ምን ልበለው?

ነፋስ_አንባቢ፦
ዱካውም፣ ዝላዩም፣ ጩኸቱም አያስኬዱም። ደግነቱ የተሻለ ታሪክ የሚወጣው እዚያው ላይ ነው።

ፈንጂ የሚያነፍንፍ ውሻ የሰው ዱካ አይከተልም። ለዚያ ሥራ ለብቻቸው የሚሠለጥኑ ውሾች አሉ፤ ለእነሱም ቢሆን ዝናብ የመታው የሦስት ቀን ዱካ ከባድ ፈተና ነው። ፈንጂ ሲያገኝም አይጮህም፣ አይቧጭርም፤ የተነካካ ነገር ሊፈነዳ ስለሚችል ቁጭ ብሎ ሽታው ወደመጣበት ማፍጠጥ ነው የተማረው። ለልጆች ታሪክ ከዚህ ቁጭ ማለት የተሻለ ምሥጢር አታገኚም።

ጊዜውን ጁላይ 4 አድርጊው፤ አሜሪካኖች ርችት የሚተኩሱበት የነጻነት ቀን ነው። ውሻው ከሰዓት በኋላ በእግር ሲሄድ የጎረቤት ጋራዥ በር ላይ ቁጭ ይላል። ልጆቹ ደክሞት ይመስላቸዋል፤ ጎትተው ይወስዱታል፤ ተመልሶ እዚያው ቁጭ። ውስጥ በካርቶን የታጨቀ ርችት አለ። ርችት ባሩድ ነው (ፖታሲየም ናይትሬት፣ ድኝና ከሰል)፤ ውሻው ከተማራቸው ሽታዎች አንዱ ደግሞ የባሩድ ነው። ቦምብ ይሁን ርችት ሊነግራቸው አይችልም፤ ይህ ብቻውን ሁለት ምዕራፍ ይይዛል። ልጆቹ ካርቶኑን እንዳይነኩ፣ ራቅ ብለው 911 እንዲደውሉ አድርጊ። አንባቢዎችሽ የሚኮርጁት እነሱን ነው።

የፍለጋውን ትዕይንት አትሩጪበት። ውሻው ነፋሱ ሽታውን ወደ እሱ በሚያመጣበት በኩል ይገባል፤ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያለ ይሄዳል። ሽታው ሲነካው ድንገት አንገቱን ይቀለብሳል፣ ሲያለከልክ የነበረው አፍ ይዘጋል፣ ማሽተቱ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል ይሆናል። ግራ ቀኙ እየጠበበ ሄዶ ያበቃና ቁጭ። ሽልማቱ ኮንግ የሚባለው የጎማ መጫወቻ ነው። ወዲያው መሰጠት አለበት፤ ከዘገየና ውሻው ተነሥቶ ዘወር ካለ በኋላ ከተወረወረ የተሸለመው መነሣቱ ይሆናል። ውሻ ቀይን ከአረንጓዴ ስለማይለይ ኮንጉ ሣር ላይ እንዲታየው ሰማያዊ ይሁን።

የእንስሳት_ሐኪም፦
አጥሩን አውጪው። በ10 ዓመቱ ማሊንዋ ወገቡና ዳሌው ያስቸግሩታል፤ መኪና ላይ ለመውጣት እንኳ ዘንበል ያለ ሳንቃ ይፈልጋል። አፍንጫው ግን ከእግሩ በኋላ ነው የሚደክመው፤ ጀብዱውን አፍንጫው ላይ ተይው።

ሁለተኛው ጠላት የቴክሳስ የጁላይ ሙቀት ነው። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ በደንብ ማሽተት አይችልም፤ ልጆቹ ጥላ ሥር ሊያሳርፉት ይገባል። አስፋልቱን የመዳፋቸውን ጀርባ 7 ሰከንድ አስነክተው ይሞክሩት፤ ለእነሱ ካቃጠለ ለእሱም ያቃጥላል። ሙቀት ከጣለው ገላውን ውኃ አፍስሰው ማናፈስ ነው፤ እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን ያፍነዋል።

ርችቱን በተመለከተ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ አንዳንድ ውሾች እንደ ወታደሮቹ የጦርነት ሥነ ልቦና ጠባሳ ይኖራቸዋል። ከሰዓት በኋላ በልበ ሙሉነት ያነፈነፈው ውሻ ማታ ሲፈነዳ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጥ፤ ሁለቱም እውነት ነው። በአንድ እቅፍ ግን አታድኚው። የታሪኩ ትልቁ ነገርም ከመምሸቱ በፊት ማለቅ አለበት። ደግሞ እባክሽ፣ የብረት ጥርስ ካሰብሽ ተይው። የታይታኒየሙ ሽፋን የተሰበረ ጥርስ መጠገኛ እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ቁም_ነገረኛ፦
አንድ ነገር ልጨምር። "ሊገደል ሲል አመለጠ" የሚል ምዕራፍ ካለሽ ለዛሬ ታሪክ አይሆንም። በቬትናም ጦርነት ካገለገሉት ወደ 4000 ከሚጠጉ የአሜሪካ ውሾች አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ግን ጡረታ የወጡ ውሾችን ለሰላማዊ ሰዎች መስጠት ፈቀደ። የቀድሞ ሃንድለሩ (አብሮት ይሠራ የነበረው ወታደር) ቅድሚያ አለው። ቤተሰቡ ለምን እንደደረሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረጂ፦ ሃንድለሩ ሌላ አገር ተመድቧል፣ ወይም ቤቱ አፓርታማ ነው።

ለስም፦ በላክላንድ የተወለዱ ቡችሎች ስማቸው በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ጊዜ ይደገማል። በእኛ ፊደል ብትደግሚው ስሙ ይንተባተባል፤ እንዲያውም ልጆቹ ሲያነቡት ይንተባተቡበት፣ ያስቃል። በግራ ጆሮው ውስጥ አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር ተነቅሷል፤ ለጀብዱ ታሪክ የተዘጋጀ ኮድ በይው።

ብራና፦
አመሰግናለሁ፤ ዱካውንም አጥሩንም ሰርዣለሁ። አያትየዋስ?

ነፋስ_አንባቢ፦
ውሻው የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ነው፦ "ሲት" (ቁጭ)፣ "ዳውን" (ተኛ)፣ "ስቴይ" (ባለህበት ቆይ)፣ "ሂል"፣ "አውት" (የያዝከውን ልቀቅ)። አማርኛ ማስተማር ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። አዲሱ ቃል ይቀድማል፦ "ቁጭ"፣ አንድ ሰከንድ ዝም፣ ከዚያ "ሲት"፣ ሲቀመጥ ሽልማት። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ከጥቂት ቀናት በኋላ "ሲት"ን ሳይጠብቅ ይቀመጣል። "ሲት" ከቀደመ ግን ቀድሞ ስለሚቀመጥ "ቁጭ" ከጆሮው አይገባም። ቤተሰቡም በአንድ ቃል ይስማማ፤ አባት "ተቀመጥ"፣ ልጅ "ቁጭ በል"፣ አያት "አረፍ በል" ካሉት ሦስት ቋንቋ ነው።

"ሂል" ማለት ደግሞ ግራ እግሬ አጠገብ ሁን ማለት ነው። አያት ውሻ ሳሎን መግባቱን አይወዱም፤ "ሂድ!" ብለው ይቆጡታል። ለእሱ ጆሮ ሁለቱ ቃላት ይቀራረባሉ። ባባረሩት ቁጥር መጥቶ ግራ ጉልበታቸው ሥር ይቆማል።