በየወሩ እየረጨን የዱቄት ጥንዚዛው ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፤ በ«ፈረቃ ሁለት»

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ስንዴ ፈጭቶ ዱቄት በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ፣ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። ላለፉት ስምንት ወራት እረፍት የነሣን፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ያለው የዱቄት ጥንዚዛ ነው፤ ሠራተኞቹ በጥቅሉ ነቀዝ ይሉታል። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ምርት አቁመን፣ በውል የያዝነው የተባይ መከላከል ድርጅት አዳራሹን በሙሉ እንደ ጉም በሚነፋ ፀረ-ነፍሳት ይሞላዋል። ሰኞ ጠዋት የሞቱትን ከወለሉ ላይ ጠርገን እንሰበስባለን፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም ፋታ እናገኛለን፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ከማሸጊያው በፊት ባለው ወንፊት ላይ እንደገና ብቅ ይላሉ።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ሁለት ፓሌት ዱቄት መለሰልን። ከዚያ ወዲህ የበላይ ኃላፊዎቼ ርጭቱ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን የሚል አቋም ይዘዋል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ጽዳቱንም ቸል አላልንም፤ በየሳምንቱ ማሽኖቹን ውስጥና ውጭ በታመቀ አየር እናራግፋቸዋለን። ርጭቱን ማብዛት ያዋጣል ትላላችሁ? ካላዋጣስ ከየት ልጀምር?

መልስ 1፤ በ«የወፍጮ ጥገና»

ልብዎ ያልተቀበለው በትክክል ነው። በጉም መልክ የሚነፋው መድኃኒት አየር ላይ ቆይቶ ከላይ ወደ ታች ስለሚያርፍ፣ የሚገድለው በዚያች ሰዓት ወለልና ግድግዳ ላይ ሲዘዋወር ያገኘውን ነው፤ ማሽን ውስጥ በተጋገረ ዱቄት ውስጥ ሰርጎ የመግባት አቅም የለውም።

ደግሞም «በሦስተኛው ሳምንት» ብለው የጻፉት ነገር ብዙ ይነግረናል። ይህ ጥንዚዛ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቀት እንኳ ከእንቁላል ተነሥቶ ሙሉ ጥንዚዛ ለመሆን ከሦስት ሳምንት እስከ አንድ ወር ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከርጭቱ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የሚያዩአቸው ጥንዚዛዎች ከርጭቱ በኋላ ከተጣለ እንቁላል የወጡ ሊሆኑ አይችሉም ማለት ይቻላል፤ ቅዳሜ ዕለት መድኃኒቱ ሲነፋ እጭ ወይም ፑፓ (እጩ ወደ ሙሉ ጥንዚዛ የሚለወጥበት የማይንቀሳቀስ ደረጃ) ሆነው ዱቄት ውስጥ ተሸሽገው የነበሩ ናቸው። አንዲት እንስት በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥልና ከዓመት በላይም ልትኖር ስለምትችል፣ አንድ ያልተነካ መደበቂያ ቢቀር አዳራሹን መልሶ ለመሙላት ይበቃል።

መደበቂያው የት ነው ለሚለው፣ ዱቄት ገብቶ የማይወጣበትን ቦታ ሁሉ ይፈልጉ። የስክሪው ኮንቬየርን (ዱቄቱን በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት የሚገፋውን ማጓጓዣ) መጨረሻ፣ በተለይ ከመውጫው ቀዳዳ አልፎ ያለውን ጫፍ ይክፈቱት፤ እዚያ የደረሰ ዱቄት የሚገፋው ነገር ስለሌለ ለወራት ይቀመጣል። የባኬት ኤሌቬተሩ (ዱቄቱን በባልዲዎች ወደ ላይ የሚያወጣው ማሽን) ግርጌ፣ የቱቦዎች መጋጠሚያ፣ የወንፊቱ የእንጨት ፍሬም፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የብረት እግሮችም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው። አንድ ጊዜ የማሸጊያ ማሽን መቆጣጠሪያ ሳጥን ስከፍት፣ ከገመዶቹ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ዱቄት ተከምሮ፣ ላዩ በጥንዚዛዎቹ መመላለስ በቀጫጭን መስመሮች ተሸንትሮ አገኘሁት። ሳጥኑ ቀን ከሌሊት ይሞቃል፣ ለጽዳት የሚከፍተው የለም፣ ርጭትም አይደርሰውም፤ ለነፍሳት ከዚህ የተመቸ ቤት አላውቅም።

የታመቀውን አየር ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። አየሩ ዱቄቱን ከነእንቁላሉና ከነእጩ ከአንድ ማሽን አንሥቶ ወደ ኬብል መደርደሪያው፣ ወደ ጣሪያው ብረትና ወደ ሌላው ማሽን ስንጥቅ ይበትነዋል። በአየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ በብልጭታ ሊፈነዳ እንደሚችልም አይርሱ። በቫኪዩም ይሳቡት፤ የተሰበሰበውንም በዚያው ቀን ከግቢ ያስወጡ።

የጠረጠሩት ቦታ በእርግጥ መራቢያ መሆኑን ለማወቅ፣ ከዚያ የወሰዱትን ዱቄት በቀጭን ወንፊት ነፍተው የሚታዩትን ጥንዚዛዎችና እጮች ያስወግዱ፤ የቀረውን በብርጭቆ ማሰሮ አድርገው፣ አፉን አየር በሚያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አስረው 30 ዲግሪ አካባቢ ባለ ቦታ ለአምስት ሳምንት ያቆዩት። እንቁላል ከነበረበት ራሱ ይነግርዎታል።

መልስ 2፤ በ«ጋዝ ለኳሹ»

ሥራዬ ፉሚጌሽን፣ ማለትም ተባይን በመርዛም ጋዝ ማጥፋት፣ ስለሆነ የምናገረው የራሴን ገበያ የሚያጠብ ነው፤ ቢሆንም ከላይ የተጻፈውን እደግፋለሁ። ጉም ከጋዝ ይለያል። ጋዝ ዱቄት ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ ጣጣ አለው። ድሮ ወፍጮ ቤቶች ይመኩበት የነበረው ሜታይል ብሮማይድ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት በበለጸጉት አገሮች በ2005፣ በታዳጊዎቹ ደግሞ በ2015 ከዚህ ዓይነቱ አገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል። ፎስፊን የተባለው ጋዝ ለሲሎ (ለእህል ማከማቻ ጋን) እና ለተሸፈነ ክምችት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቀናት ይፈልጋል፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ሥራው ይዘገያል፣ እንቁላልና ፑፓ ከሌሎቹ ደረጃዎች ይልቅ ይቋቋሙታል፣ መዳብንም ስለሚበላ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ባለበት የማሽን አዳራሽ ውስጥ አልመክረውም። ሰውንም በፍጥነት የሚገድል ጋዝ ስለሆነ ፈቃድና መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም።

ለእርስዎ አዳራሽ የሚስማማው ሙቀት ይመስለኛል። አዳራሹ ባዶ ተደርጎ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቅና በዚያው ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከሁሉም ደረጃዎች ሙቀትን አጥብቀው የሚቋቋሙት ገና የተፈለፈሉት እጮች ናቸው፤ 50 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ይታገሣሉ፣ ወደ 60 ሲጠጋ ግን ጊዜው ወደ ደቂቃዎች ያጥራል። ስለዚህ መለኪያውን አዳራሹ መሐል ሰቅሎ «60 ደርሷል» ማለት ዋጋ የለውም፤ መለኪያው ሙቀት በሚዘገይበት በወለሉ ማዕዘን፣ በውጭው ግድግዳ ሥርና በማሽኑ ሆድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ዱቄት ሙቀት ስለማያስተላልፍ አንድ የተረሳ ጆንያ ለጥንዚዛዎቹ መጠለያ ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሁሉም ወደዚያ ይሸሻሉ። የእሳት መከላከያ ውኃ የሚረጩት ጫፎች፣ የፕላስቲክ ክፍሎችና ኤሌክትሮኒክሱ ይችሉት እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት። ሙቀት የሚያስቀረው ቅሪት ስለሌለ፣ በማግሥቱ ከጎረቤት ክፍል የሚገባውን አያግድም።

መልስ 3፤ በ«ቅጽ ሞይ»

ብዙ ፋብሪካዎችን ከኦዲት ወገን ስላየሁ በአንድ ነገር ከ«የወፍጮ ጥገና» እለያለሁ። የተዘረዘረውን ቦታ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ መክፈት በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን የጥገና ሠራተኞቹ በአራተኛው ማሽን ይደክማሉ፣ የቀረው «ታይቷል» ተብሎ ይፈረምበታል። መጀመሪያ ወጥመድ ያስቀምጡና ወጥመዱ ይምራዎት። ለዱቄት ጥንዚዛ የሚሸጠው የፌሮሞን (ነፍሳት እርስ በርስ የሚጠራሩበት ሽታ) ማባበያ ወንዱንም እንስቱንም ይጠራል፤ የእሳት እራት ማባበያ ግን የሚስበው ወንዶቹን ብቻ ነው። ሁለቱም የሚያገለግሉት ተባዩ የት እንዳለ ለማወቅ ነው፤ በወጥመድ ብዛት ተባይ አጠፋለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ለእያንዳንዱ ወጥመድ ቁጥር ሰጥተው በአዳራሹ ካርታ ላይ ያስፍሩት፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ቆጥረው ይመዝግቡ። የውጭ በር አጠገብ ግን አያስቀምጡ፤ በደጅ ያለውን ወደ ውስጥ ይጠራል። ቁጥር 7 በየሳምንቱ 20 ሲይዝ ቁጥር 8 ሁለት ከያዘ፣ የትኛውን ሽፋን ቀድመው እንደሚፈቱ ያውቃሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ የተመለሱት ሁለት ፓሌቶች አሁን የት ነው ያሉት? የተመለሰ ዕቃ ከጥሩው ጋር በአንድ መጋዘን ሲቀመጥ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም።

ሦስተኛ፣ የሚገባውን ስንዴ ይመልከቱ። እውነተኛው ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬውን ሰርስሮ ውስጡ ስለሆነ፣ እጩ ያለበት ፍሬ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። እንዲህ ያለ ፍሬ ሲፈጭ የነፍሳቱ ስብርባሪ ከዱቄቱ ጋር ይደቅቃል፤ ወንፊትም ሁሉንም አይለየውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በስንዴ ዱቄት ላይ እርምጃ የሚያስወስድ ብሎ ያስቀመጠው ልክ በ50 ግራም በአማካይ 75 ስብርባሪ ነው፤ ምንም ስብርባሪ የሌለበት ዱቄት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዱቄቱን በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ሳህን ላይ አላትሞ እንቁላል የሚሰብር ማሽን አለ። ከማሸጊያው በፊት እሱ ካለዎት መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ከሌለዎት በጀት ሲጠይቁ ከተጨማሪ ርጭት በፊት እሱን ይጠይቁ።

«ፈረቃ ሁለት» ከሰባት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርጭቱን የማብዛቱ ሐሳብ ለጊዜው እንዲቆይ አስደርጌያለሁ። አሥራ ሁለት ወጥመድ አስቀመጥን፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተያዙት አብዛኞቹ የተገኙት በሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው ከማሸጊያው ወንፊት በላይ ካለው ስክሪው ኮንቬየር ሥር ነበር። የጫፉን ሽፋን ስንፈታ፣ ከመውጫው ያለፈው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ እንደ ደረቀ ጭቃ በጠጠረ ዱቄት ተሞልቷል፤ ስንሰብረው መሐሉ በእጭ ተቦርቡሯል። ከዚያ የወሰድነውን ነፍተን በማሰሮ አስቀመጥነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ክር የሚያህሉ ነጫጭ እጮች በመስታወቱ ላይ ይታዩ ጀመር። ማሰሮውን ለኃላፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከጻፍኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ ይበልጥ የሠራው እሱ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የተመለሱት ፓሌቶች አጠገብ ነበር፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። በዚያው ቀን ከግቢ ወጥተዋል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የማሸጊያ ማሽኑ አራት እግሮች ውስጣቸው ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት ነው፤ ላያቸው ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ዱቄት ያስገባሉ። በሲሊኮን ብንደፍናቸው ይበቃል?

መልስ፤ በ«የወፍጮ ጥገና»

ሲሊኮን ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቅና፣ ከሥሩ ዱቄትና ጥንዚዛ አብረው የሚኖሩበት ስንጥቅ ይፈጥራል። ከመድፈንዎ በፊት ውስጡ ያለውን በቫኪዩም ያውጡ፤ ከዚያ በብየዳ ሙሉ በሙሉ ይዝጉት። ብየዳ የማይቻል ከሆነ ግማሽ ከመዝጋት ይልቅ የታችኛውንና የላይኛውን ጫፍ በሰፊው ከፍተው በየሳምንቱ የሚጸዳ ቢያደርጉት ይሻላል። አንዳንዶች ከመበየዳቸው በፊት ለዚህ የተፈቀደ የዳያቶማይት ዱቄት (ከጥቃቅን የውኃ ዕፅዋት ቅሪት የተሠራ የድንጋይ ብናኝ) ይነፉበታል፤ የነፍሳቱን ቆዳ የሚሸፍነውን ሰም መጥጦ ውኃቸውን በማሟጠጥ ስለሚገድል፣ ደረቅ በሆነ ዝግ ቦታ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። ብየዳውን ምርት ቆሞ፣ ብናኙ ሁሉ ከጸዳ በኋላ ያስደርጉት።