«ኦስትራኪስሞስ» በአማርኛ ምን ይባላል? ግዞት፣ ስደት ወይስ ማግለል?

ብዕረኛዋ፦
ስለ ጥንት አቴናውያን የሕዝብ አስተዳደርና ጦርነት የሚተርክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሁለት ቃላት አላራምድ አሉኝ። አንዱ «ኦስትራኪስሞስ» ነው፤ አቴናውያን በድምፅ አንድን ሰው ለ10 ዓመት ከከተማቸው የሚያስወጡበት ሥርዓት። ከእኔ በፊት የሞከረው ሰው «ግዞት» ብሎታል፤ ለእኔ ግን አልዋጥ አለኝ። ሌላው የጦር መሪያቸው መጠሪያ «ስትራቴጎስ» ነው። «ጄኔራል» ብለው ያስኬዳል? የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

የኔታ፦
ልጄ፣ አልዋጥ ማለቱ ደግ ነው። ግዞት ካልን ጠባቂ አለ፣ የተወሰነ ቦታ አለ። ልጅ ኢያሱ በፍቼ፣ ኋላም በጋራ ሙለታ የኖሩት ኑሮ ግዞት ይባላል። የአቴናው ሰው ግን 10 ቀን ይሰጠዋል፣ ጓዙን ሸክፎ ይወጣል፣ 10 ዓመት ውጭ ይቆያል። ርስቱ አይነካም፣ የርስቱ ገቢም አይቋረጥበትም። ሲመለስ ዜግነቱ እንደነበረ ይጠብቀዋል። ከሳሽ የለው፣ ክስ የለው፣ የመከላከያ ንግግር የለው፤ ስለዚህ «ፍርድ» ማለትም ያስቸግራል። «ስደት»ም አይሆንም፤ ስደተኛ ሸሽቶ ነው የሚሄደው፣ ይህኛው ግን በሕዝብ ድምፅ ተሸኝቶ ነው።

ቃሉ የተወለደው «ኦስትራኮን» ከሚለው ነው፤ የተሰበረ ሸክላ፣ በእኛ ገል። ያው እሳት ልንጭር ጎረቤት ስንላክ ይዘነው እንሮጥ የነበረው ገል። ፓፒሩስ ከግብፅ የሚመጣ ውድ የመጻፊያ ዕቃ ነበር፤ ገል ግን በየጓሮው ወድቋል። በዓመት አንድ ጊዜ ጉባኤው «ዘንድሮ ገል እንጻፍ ወይስ ይቅር?» ተብሎ ይጠየቃል። እንጻፍ ካለ ቀን ይቆረጣል፤ በገበያው አደባባይ 10 በር ያለው አጥር ይታጠራል፤ ዜጋው በየነገዱ በር እየገባ፣ ይውጣልኝ የሚለውን ሰው ስም የጫረበትን ገል ጽሑፉን ወደ ታች ደፍቶ ያስረክባል። 6,000 ካልሞላ ሁሉም ይቀራል። ከሞላ ስሙ የበዛው ይሄዳል።

ፊደል ቆጣሪ፦
የኔታ፣ አቋረጥኩዎ፣ ይቅርታ! ገል፣ ገለል፣ ማግለል፣ መገለል! ቃሉ እኮ እጃችን ላይ ነበር። አማርኛው ከገል ነው የወጣው፤ በገል ስሙ የተጻፈ ሰው ተገለለ።

የኔታ፦
ልጄ ሆይ፣ ጆሮህ ጥሩ ነው፤ ድምዳሜህ ግን ፈጠነ። ገል የሸክላ ስባሪ፣ ገለል ማለት ወደ ዳር ፈቀቅ ማለት፤ ድምፃቸው ተገጣጠመ እንጂ ስም በገል ጽፎ ሰው የሚያስወጣ ልማድ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ አልነበረም። በግጥም ብትጠቀምበት ማንም አይከለክልህም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን አታስገባው። (እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ «ግኝት» ይዤ መምህሬ ዘንድ ሮጬ አውቃለሁ። የሰጡኝን መልስ እዚህ አልጽፈውም።)

ለትርጉም ከሆነ ግን ግጥጥሞሹን እንጠቀምበት። «በገል ማግለል»፤ አንባቢው ዕቃውንም ድርጊቱንም በአንድ ጊዜ ያያል።

ብዕረኛዋ፦
«በገል ማግለል»ን ወስጃለሁ። ይህን ካልኩ አይቀር ለፊደል ቆጣሪ አንድ ነገር ላሳየው። በአቴናው ኮረብታ በአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ተዳፋት ካለ ጉድጓድ 190 ገሎች ወጥተዋል፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው ቴሚስቶክሌስ የሚል የአንድ የአቴና መሪ ስም ነው። ብዙዎቹ የወይን ጽዋ እግሮች ናቸው፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ መዳፍ ላይ ልክ የሚቀመጡ። የእጅ ጽሕፈቱ ሲመረመር ግን የጻፉት 14 ያህል ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። አንድ ወገን አስቀድሞ ጽፎ ለማደል አዘጋጅቷቸው ነበር ማለት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
መጻፍ ለማይችለው ይሆናላ! ያ ስለ ሌላው የአቴና መሪ ስለ አሪስቲዲስ የሚነገረው ታሪክም እንዲህ አይደል? አንድ ማንበብ የማይችል ገበሬ ገሉን ለራሱ ለአሪስቲዲስ ሰጥቶ፣ ማንነቱን ሳያውቅ «አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው። ምን በደለህ ቢለው «ምንም፤ በየሄድኩበት ጻድቁ፣ ጻድቁ ሲሉት መስማት ሰልችቶኝ ነው» አለ። አሪስቲዲስም ጽፎ ሰጠው።

የኔታ፦
ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ የተረከው ነው፤ እርሱ ደግሞ ከነገሩ ከ500 ዓመት በላይ ዘግይቶ የጻፈ ሰው ነው። አሪስቲዲስ መገለሉ ግን እርግጥ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ482። በላውሪዮን ማዕድን ብዙ ብር ተገኝቶ ነበር፤ ቴሚስቶክሌስ ብሩን ለዜጎች ከማከፋፈል መርከብ እንሥራበት አለ። ዋና ተቀናቃኙ አሪስቲዲስ በገል ወጣ፣ መርከቦቹ ተሠሩ። በ480 ፋርስ ሲመጣ የተገለሉት ተጠሩ፤ አሪስቲዲስም ተመልሶ በሳላሚስ የባሕር ውጊያ ከዚያው ከቴሚስቶክሌስ ጎን ተዋጋ። እንግዲህ ይህን «ግዞት» በለው! አሥር ዓመት ሳይሞላም ገሉ በተራው በቴሚስቶክሌስ ላይ ወጣ፤ የሳላሚሱ ጀግና መጨረሻው በፋርስ ንጉሥ ጥላ ሥር ሆነ።

አሁን ወደ ስትራቴጎስ። «ስትራቶስ» ሠራዊት፣ «አጎ» እመራለሁ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ስትራቴጂ የማይባል ወረቀት የለም፤ ቃሉ ግን ከጦር ሜዳ ነው የመጣው። «ጄኔራል» አልወድለትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ወታደር ሆኖ በማዕረግ የወጣ ሰው ያስመስለዋል። አቴና በየዓመቱ 10 ትመርጣለች፤ ሌላውን ሹመት አብዛኛውን በዕጣ ስትሰጥ ይህን ግን በእጅ ብልጫ። ስመ ጥሩው መሪ ፔሪክሊስ 15 ዓመት በተከታታይ ተመርጧል። ባለ ቅኔው ሶፎክሊስ እንኳ ተመርጦ ያውቃል። እጅ ዘርግቶ መምረጡን «ኬይሮቶኒያ» ይሉታል፤ ያው ቃል ኋላ በግሪክ ቤተ ክርስቲያን የክህነት ሹመት መጠሪያ ሆኗል።

ብዕረኛዋ፦
«የጦር አዝማች» ብለውስ?

የኔታ፦
ተስማምቶኛል። አዝማች የሚያዘምት ነው፤ በመነሻውም ከማዕረግ ይልቅ ሥራውን ይናገራል። ዘፈን ውስጥም አዝማች አለን፤ ሌላው ተቀብሎት የሚዘምተው። አንድ ነገር ግን በግርጌ አስፍሪ፦ የአቴና አዝማች ለሕዝብ ተጠያቂ ነው፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ። በ406 በአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት ድል ያደረጉ አዝማቾች፣ ማዕበል ተነሥቶ ከሰጠሙት መርከቦች ሰዎቹን አላነሣችሁም ተብለው 8ቱ በአንድ ድምፅ መስጫ ተፈረደባቸው። ወደ ከተማ የተመለሱት 6ቱ ተገደሉ፤ የፔሪክሊስ ልጅም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ያን ዕለት ከሰብሳቢዎቹ መካከል የነበረው ሶቅራጥስ ሕጉ አይፈቅድም ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ አልሰሙትም። «ጄኔራል» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢሽ ይህን ሁሉ ማን ደፈረ ብሎ ይደነግጣል።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ገሉ ላይ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው?

ብዕረኛዋ፦
ደንቡ ስም ነው፤ አንዳንዱ ግን ንዴቱን አልቻለም። «ከሃዲ» ብሎ የጨመረ አለ። እኔን ያሳቀኝ በአዝማቹ በኪሞን ላይ የተጻፈው ነው። ኪሞን ከእህቱ ከኤልፒኒኬ ጋር ሐሜት ነበረበት። ገሉ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያሉት ቃላት «ኤልፒኒኬን ላቦን ኢቶ» ነው የሚሉት። የሠራሁበት የእንግሊዝኛ ትርጉም አንዱን ቃል በአራት አምስት ቃል ሊደርስበት ይታገላል። በእኛ ግን ቃል በቃል ነው፦ «ላቦን» ይዞ፤ «ኢቶ» ይሂድ።

የኔታ፦
እስቲ ሙሉውን በይው።

ብዕረኛዋ፦
«ኪሞን የሚልጥያዴስ ልጅ፣ ኤልፒኒኬን ይዞ ይሂድ።»

የኔታ፦
ምንም አትንኪበት።