የአንጀት ሕመም ሲሰነብት የትኛው ምርመራ ይቅደም? ጥቆማ ፈልጌ ነበር

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን ተቅማጥ ከያዘው ሦስት ወር አልፎታል። አንዳንዴ ደም ይታይበታል፤ በጣምም ከስቷል። አንዱ ሐኪም የሰገራ ካልፕሮቴክቲን አሠሩ ይላል፣ ሌላው ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት)። ዘመድ ደግሞ ካሜራ ያለው ክኒን ይዋጥ ይለናል። የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ቁጣና ቁስለት እንዳለብኝ ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሁለቱን ምርመራ በራሴ አይቻለሁ። ክኒኑን ደግሞ ክሮንስ የሚባል ሌላ የአንጀት ቁጣ ያለባት የአክስቴ ልጅ ውጣለች።

ደም እያየና እየከሳ ከሆነ ኮሎኖስኮፒውን አታዘግዩት። እስከዚያው ግን ሰገራው ለአሜባና ለባክቴሪያ ይታይ፤ የብዙ ሰው ነገር እዚያው ይፈታል።

ካልፕሮቴክቲን በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። አንጀት ሲቆጣ ሴሎቹ ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ያረጋጋል፤ ከ250 በላይ ከሆነ ቁጣ ሳይኖር አይቀርም። ምክንያቱን ግን አይነግርሽም። እኔ አንድ ጊዜ ለወገቤ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እየወሰድኩ ናሙና ሰጠሁ። የወሰድኩት መድኃኒት እንዳለ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ተተኮሰ፣ መድኃኒቴም በከንቱ ሊጨመርብኝ ነበር። ስለዚህ ወንድምሽ ማስታገሻ ከወሰደ ቀድማችሁ ተናገሩ።

የኮሎኖስኮፒ ከባዱ ነገር ዋዜማው ነው። ማጠቢያውን ጠጥቶ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ያድራል፤ የሚወጣው ጠርቶ ቢጫ ውሃ እስኪመስል ድረስ አይበቃም። ምርመራውን ራሱን እኔ ተኝቼ ነው ያለፈው። ሐኪሙን ሁለት ነገር ለምኑልኝ፤ እስከ ትንሹ አንጀት ጫፍ ይግባ፣ ደህና ከሚመስለውም ቦታ ናሙና ይውሰድ። ክሮንስና የአንጀት ቲቢ እዚያ ጫፍ ላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። ለመለየት ናሙናው የግድ ነው።

ክኒኑ መጨረሻ ይሁን። 26 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ አንጀት የጠበበበት ቦታ ካለ እዚያው ሊቀረቀር ይችላል። ናሙናም አይወስድም። የሚጠቅመው ሌላው ሁሉ ታይቶ ትንሹ አንጀት ሲያጠራጥር ነው።

ሌላ መልስ፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የሰገራ ናሙናው ዕቃ ክዳን ላይ ትንሽ ማንኪያ አለች። በእሷ ከተለያየ ቦታ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። ሽንት እንዳይነካው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎረቤታችን ፕሬድኒሶሎን በሚባል ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ስለዳነች ለእሱም እንግዛለት ትላለች።

መልስ፦ በፍጹም እንዳትሰሟት! ቲቢ ከሆነ ሊያባብሰው ይችላል። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሲድኒ ትሩላቭ የሚባል የኦክስፎርድ ሐኪም ከሌስሊ ዊትስ ጋር ሆኖ በ1955 እ.ኤ.አ. 210 የአልሰረቲቭ ኮላይቲስ ሕሙማን ላይ የፕሬድኒሶሎንን ዘመድ ኮርቲዞንን ፈተነ። ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን፣ የቀሩት የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ኮርቲዞን የወሰዱት በግልጽ ተሻላቸው። ያኔ ከባድ ግርሻ ብዙ ሰው ይገድል ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነዚሁ ሰዎች ግን ቆይተው ሌላም ነገር አሳዩ፤ ከተሻለው በኋላ መድኃኒቱን መቀጠል ግርሻን አያስቀርም። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ለልኩም አስቧል።

የሕመሙን ክብደት የሚለኩበትን መንገድ ያወጡትም እነሱ ናቸው፤ ሐኪሞች ዛሬም ይሠሩበታል። ለእናንተም ይጠቅማል። ደብተር ያዙና በቀን ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ፣ ደም እንደነበረው ጻፉ። ደም ያለበት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ትኩሳቱ ከ37.8 ወይም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ90 ካለፈ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ።