የሸክላ ማዕድንና የሕይወት አጀማመር፦ ዋልካችን ዛሬስ ለምን ሕይወት አይፈጥርም?

መምህር ዘብቸና (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። በብቸና አካባቢ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ሕይወት አጀማመር ሳስተምር፣ የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ሞለኪዩሎች በሸክላ ማዕድን ገጽ ላይ ተያይዘው ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ ላልፍ ስል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የእኛ ዋልካ ሸክላ አይደለም ወይ? ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ታዲያ ከጓያና ከሽምብራ በቀር አዲስ ሕይወት ለምን አይወጣበትም?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

የምጠይቀው ሸክላው በእርግጥ ምን እንደሚሠራና ከዚህ ውስጥ በቤተ ሙከራ የታየው የቱ እንደሆነ ነው። አንዳንድ ጽሑፎች ሸክላው ራሱ የመጀመሪያው «ዘረ መል» ነበር እስከ ማለት ይደርሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ መደገፊያ ብቻ ያደርጉታል። ለልጁ የትኛውን ልንገረው?

አፈር መርማሪ (ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀው የዋዛ ነገር አይደለም። አስቀድሜ አንድ የቃል ችግር ላንሣ። በእኛ ቋንቋ «ሸክላ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተተኮሰውን እንስራና ጀበና ነው፤ እዚህ የምንነጋገርበት ግን ያልተተኮሰው ማዕድን ነው። እሳት ከበላው በኋላ የማዕድኑ አሠራር ስለሚፈርስ ገል በውኃ ቢዘፈዘፍ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፤ አሁን የምናወራውንም ሥራ አይሠራም።

ዋልካችን በብዛት የያዘው ስሜክታይት የሚባለውን የሸክላ ቤተሰብ ሲሆን፣ በሕይወት አጀማመር ጥናት ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ሞንትሞሪሎናይትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ንጣፎች አሉት። በንጣፉ መካከል አልሙኒየም ሊቀመጥበት በሚገባው ስፍራ አልፎ አልፎ ማግኒዥየም ስለሚገባ ንጣፉ አሉታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይተርፈዋል፤ ይህንንም ለማመጣጠን እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ አዎንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች ከውኃ ጋር በንጣፎቹ መካከል ይገባሉ። ክረምት ላይ ዋልካ አብጦ ጫማ የሚያስወልቀን፣ በጋ ላይ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ንጣፎቹ ሙሉ በሙሉ ቢለያዩ የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ገጽ ከ700 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ሦስት ግራም ተኩል ገደማ ቢዘረጋ አንድ ቃዳ መሬት ይሸፍናል ማለት ነው። በውኃ ውስጥ ተበታትነው የሚንሳፈፉ ሞለኪዩሎች እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ሲለጠፉ ተሰብስበው ይገናኛሉ።

ቀይ አፈራችንም ከዚያው ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ነው። ነገር ግን ውኃ በደንብ በሚንጠፈጠፍበት ተዳፋት ላይ ብዙው ንጥረ ነገር ታጥቦ ስለሚሄድ በአብዛኛው ካኦሊናይት የሚባለው የማያብጥ ሸክላ ይቀራል፤ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ስሜክታይት ይፈጠራል። የጎጃም ባዛልት ዕድሜ ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ዋልካችን ለዚህ ታሪክ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ኬሚስቱ (ባሕር ዳር)

አፈር መርማሪ ከተናገሩት ልቀጥል። ሸክላ ሞለኪዩሎችን ሰብስቦ እንዲዋሐዱ ሊረዳ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ያቀረበው እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ዴዝመንድ በርናል ነው። በ1978 ኖአም ላሃቭና ባልደረቦቹ አሚኖ አሲድን ከሸክላ ጋር ቀላቅለው ደጋግመው ሲያረጥቡትና ሲያደርቁት አጫጭር የፔፕታይድ (እንደ ፕሮቲን ቁራጭ ያሉ) ሰንሰለቶች ተፈጠሩ። የልጁን «ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል» የሚለውን ቃል ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ሙከራ ነው፤ ውኃ ባለበት ሞለኪዩሎችን ማያያዝ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በሚያያዙበት ጊዜ ውኃ መውጣት አለበት፤ መድረቁ ይህን ያግዛል።

ከሁሉም የታወቀው በአሜሪካ የጄምስ ፌሪስ ሥራ ነው። በ1996 በታተመው ጥናት፣ ዐሥር አባላት ካሉት መነሻ ሰንሰለት ተነሥተው በሞንትሞሪሎናይት ላይ በየቀኑ አዲስ ኑክሊዮታይድ (የዘር መረጃ የሚይዘው የአር ኤን ኤ ሰንሰለት መሥሪያ አባል) እየጨመሩ ከ50 በላይ አባላት ያሉት ሰንሰለት አገኙ። በ2003 ደግሞ የጃክ ሾስታክ ቤተ ሙከራ ይኸው ማዕድን ከስብ አሲድ የሚሠሩትን፣ የሕዋስ ሽፋን የሚመስሉትን ከረጢቶች አፈጣጠር እንደሚያፋጥን፣ በሸክላው ላይ የተለጠፈውም አር ኤን ኤ አብሮ ወደ ከረጢቱ እንደሚገባ አሳየ። እኔ በግሌ ከፌሪስ ሥራ ይልቅ ይህ ይደንቀኛል፤ ሰንሰለቱንም ማቀፊያውንም አንድ ጭቃ ሲያገናኛቸው ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሸክላው ራሱ ዘረ መል ነበር የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን በ1966 ያቀረበው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ግራም ኬርንስ ስሚዝ ሲሆን፣ በክሪስታሉ ውስጥ ያሉ ጉድለቶች ከንጣፍ ወደ ንጣፍ እየተገለበጡ መረጃ ያወርሳሉ፣ ኦርጋኒክ ሞለኪዩሎችም ኋላ ቦታውን ወረሱ የሚል ነበር። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ማስረጃ ግን አላገኘም። በ2007 ተመራማሪዎች በሌላ ዓይነት ክሪስታል ላይ ሲፈትኑት፣ አዲስ ጉድለት በየጊዜው ስለሚጨመር የእናቲቱ ንድፍ ለልጂቱ በታማኝነት አልተላለፈም። ስለዚህ ለልጁ ሸክላ ምጣዱ እንጂ እርሾው አይደለም ብለው ቢነግሩት ከእውነቱ አይርቁም።

የደጀን አንባቢ

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኬሚስቱ አንድ ነገር ቶሎ አለፉ። ፌሪስ የተጠቀመባቸው ኑክሊዮታይዶች ኢሚዳዞል የተባለ ሞለኪዩል አስቀድሞ ተገጥሞላቸው ለመያያዝ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ሸክላውም በአሲድ ታጥቦ በሶዲየም የተሞላ ነው። በጥንቷ ምድር ይህን ማን አዘጋጀው? ደግሞስ ሸክላ አጥብቆ ይይዛል ካልን፣ የያዘውን ካልለቀቀ ሰንሰለቱ ምን ይጠቅማል? በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የሥጋ ባሕርያት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው ሲባል ሰምተን አድገናልና «ሕይወት ከሸክላ» የሚለው ለጆሯችን አዲስ አይደለም፤ ያንን ትምህርትና ይህን ሙከራ ግን አንዱን የሌላው ማስረጃ ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም።

ኬሚስቱ (ባሕር ዳር)

ሁለቱንም ትችት እቀበላለሁ። ሁሉም ሞንትሞሪሎናይት እኩል እንደማይሠራም ልጨምር። የሙከራዎቹ ዋጋ፣ ዝግጁ ሞለኪዩል ከተገኘ የማዕድን ገጽ ያለ ኢንዛይም (በሕዋስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን) ሊያያይዘው እንደሚችል ማሳየታቸው ነው፤ ዝግጁውን ሞለኪዩል ማን አቀረበው የሚለው እስከ ዛሬ የሚሠራበት ጥያቄ ነው። ጭቃው መኖሩ ግን አያከራክርም፤ በአውስትራሊያ የተገኙት የ4.4 ቢሊዮን ዓመት ዚርኮኖች (ጥንታዊ የማዕድን ቅንጣቶች) በዚያን ጊዜ ውኃ እንደነበረ ይጠቁማሉ፣ ውኃና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባሉበት ደግሞ ሸክላ ይፈጠራል።

«ዛሬስ ለምን?» የሚለውን ዳርዊን በ1871 ለወዳጁ ለዕፅዋት ተመራማሪው ለሁከር በጻፈው ደብዳቤ ነክቶታል፤ በትንሽ ሞቃት ኩሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ቢፈጠር ሕያዋን ወዲያው እንደሚበሉት ጽፏል። በአንድ ጭብጥ ዋልካ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስንት እንደሆኑ ያስቡት፤ የተሠራ ሰንሰለት ቢኖር ለእነርሱ ምግብ ነው። በዚያ ላይ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ አየራችን ኦክሲጅን ስላለበት፣ እንዲህ ያሉ ሞለኪዩሎችን ከመነሻው የሚሠራው ኬሚስትሪም አይመቸውም።

መምህር ዘብቸና

እጅግ አመሰግናለሁ። ሰኞ ለልጁ ምላሹን በክፍሉ ፊት እሰጠዋለሁ። በእጃቸው የሚያዩት ነገር ይኖር ይሆን?

አፈር መርማሪ (ደብረ ማርቆስ)

አለ። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ለማቅለም የምትጠቀሙበት ሜቲሊን ብሉ ካላችሁ፣ ጥቂት ጠብታ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ጨምሩ። በአንዱ ደቅቆ የተነፋ ዋልካ፣ በሌላው የታጠበ የወንዝ አሸዋ አድርጋችሁ አማስሉና እስኪዘቅጥ ተዉት፤ ዋልካ ሲዘቅጥ ስለሚያዘገይ እስከ ማግስቱ ብትጠብቁ ይሻላል። ቀለሙ አዎንታዊ ሙል ስላለው ዋልካው ይይዘዋል፣ ከላይ ያለውም ውኃ ሰማያዊነቱን ያጣል፤ የአሸዋው ግን ሰማያዊ እንደሆነ ይቆያል። ቀለሙን አታብዙት፤ ከበዛ ዋልካውም ይጠግብና ልጆቹ ልዩነቱን አያዩም።